የነሐሴ ፈላስፎች

ባለፈው ማክሰኞ ማህበረሰብ ሆኜ ዋልኩ። አስቤበት አይደለም። ከቤት የወጣሁት የነዋሪነት ማረጋገጫ ላወጣ ነበር፤ ባንክ አምጣ ብሎኝ።

ነሐሴ ሲገባ የአካባቢ መሪዎቻችንን የምትይዛቸውን ነገር ታውቋታላችሁ። ማሰላሰል ትባላለች። ዓመቱን ሙሉ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ሲባልልን የኖረ ሰው ድንገት ዝናቡን በመስኮት ያይና ሆዱ ይባባል። ስለ ማህበረሰብ፣ ስለ ለውጥ፣ ስለ መጪው ዘመን ማሰብ ይጀምራል። ከዚያ «የክረምት መልዕክት» ትወለዳለች። አዲስ አበባ 11 ክፍለ ከተማ አላት፤ ከሥራቸው ደግሞ ከመቶ በላይ ወረዳ። ሁሉም ባንድ ወር ሲያሰላስሉ የከተማዋን ጥልቀት አስቡት! በጥልቀት የሚፎካከራቸው የሰፈራችን መንገድ ጉድጓድ ብቻ ነው።

እኔ ወቅት አመራረጣቸውን አደንቃለሁ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ አዲሱ ዓመት መስከረም 1። በሁለቱ መሃል ያለችው ጊዜ ለመሪ ገነት ናት። የአምናውን ብትጠይቁ በጀቱ ተዘግቷል። የዘንድሮውን ብትጠይቁ በጀቱ አልተለቀቀም። መንገዱስ? ክረምቱ ይውጣ። ክረምቱ ሲወጣ እንቁጣጣሽ ይለፍ፣ መስቀል ይለፍ። በጀት የማትጠይቅ ሥራ አንዲት ብቻ ናት፤ እሷንም በትጋት ይሠሯታል።

ወደ ማክሰኞ ልመለስ። ሁለት ሰዓት ተኩል ወረዳ ጽሕፈት ቤት ስደርስ ሰልፉ እስከ ጥበቃው ቤት ወጥቷል። መስኮቶቹ ዝግ ናቸው። «ሲስተም የለም?» አልኩት ከፊቴ ያለውን። «ሲስተምማ አለ። ሰው ነው የጠፋው» አለኝ። ሠራተኛው በሙሉ አዳራሽ ገብቷል። መልዕክቱ ሊቀረጽ ነው፤ መሪው ፊት የሚቀመጥ ማህበረሰብ ያስፈልጋል። ሠራተኛው ወንበሩን አልሞላው መሰለኝ፣ ባጅ ያንጠለጠለ ልጅ ወጣና በግ እንደሚገዛ ሰው ከላይ እስከ ታች አየን። «ግቡ፣ ከዝናቡ ይሻላል» አለን። ገባን። ከባለጉዳይነት ወደ ባለድርሻ አካልነት ያደግነው በአንድ ደቂቃ ነው።

ነጭ ኮፍያ ታደለን። ነጠላ የለበሱ እናቶች ወደ ፊት ተጠሩ። እኔ ጃኬቴ አላማረም መሰለኝ ከምሰሶ ጀርባ ተቀመጥኩ። ጠረጴዛው ላይ የላስቲክ አበባ፣ ሃይላንድ ውሃ፣ ፍልሰታ ስለሆነ ደግሞ ዳቦ ቆሎ አለ። መሪያችን ተነሱ። «የተከበራችሁ ነዋሪዎች...» ሲሉ ዝናቡም ተነሳ።

የአዳራሹ ጣሪያ ቆርቆሮ ነው። የነሐሴ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ምን እንደሚሰማ ለአዲስ አበባ ሰው አልነግርም። የመሪያችን አፍ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ የለም። ዝናቡ ፋታ ሲሰጥ አንዲት ቃል ታመልጣለች። «...ርብርብ...» ጸጥ። «...ከምንጊዜውም በላይ...» ጸጥ። ካሜራማኑ እጁን አነሳ፤ እንደገና። በሁለተኛው ጣሪያው ማፍሰስ ጀመረ፤ ያውም ንግግሩ ወረቀት ላይ። አንድ ልጅ ሮጦ ጃንጥላ ዘረጋላቸው። አዳራሽ ውስጥ! ጃንጥላው ከኋላ ያለውን ባነር ጋረደው። ሁለት እርምጃ ወደ ግራ ተባሉ፤ ተጠጉ። አሁን ደግሞ «ማህበረሰብ» ትታያለች፣ «ለውጥ» በትከሻቸው ተሸፈነች። ወደ ቀኝ ሲመለሱ ለውጡ ታየ፣ ጠብታው አናታቸውን አገኘው። እንደገና። እኛም ጭብጨባችንን እንደገና። በአራተኛው ላይ አጠገቤ ያለ ሰውዬ ንግግሩን ከሳቸው ቀድሞ ይለው ጀመር። «አሁን ‹አቅጣጫ ተቀምጧል› ይላሉ» ይለኛል፤ ይላሉ። አቅጣጫው የት እንደተቀመጠ ግን አምስት ጊዜ ተቀርጾም አልሰማንም።

የሰማኋት አንዲት ሙሉ ዓረፍተ ነገር «የለውጡ ባለቤት ነዋሪው ነው» የምትለዋን ነው። ባለቤት መሆኔን ሰምቼ ኮራሁ። ወዲያው ሽንት ቤት ብፈልግ ተቆልፏል። ቁልፉ ለሠራተኛ ብቻ ነው አሉኝ።

ከፊት ወንበር አንዲት እናት ነበሩ። ጉልበታቸው ታሟል፤ ምርኩዝ ይዘዋል። ወረቀታቸውን በፌስታል ጠቅልለው ጡታቸው ሥር ሸሽገዋል። የመጡት ለማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን ነው። መክፈል ለማይችል ሰው መንግሥት ይከፍልለታል፤ አለመቻሉን ግን አካባቢው መመስከር አለበት። አንድ ማህተም ነው። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ቀረጻው ሲያልቅ ተነስተው ወደ መስኮቱ ሄዱ። «እማማ፣ ምሳ ሰዓት ነው፣ ስምንት ሰዓት ይመለሱ» ተባሉ።

እዚህ ላይ ሽሙጡ ይቅርብኝ። ሦስት ሰዓት ሙሉ ለጌጥ ካስቀመጧቸው በኋላ ማህተም ለማሳረፍ አንዲት ደቂቃ እንዴት ይጠፋል? ስለ ማህበረሰብ እያወሩ ማህበረሰቡን በዝናብ መመለስ ነውር ነው። ሌላ ስም የለውም። እኒህ እናት ይህን ቤት አሁንም «ቀበሌ» ነው የሚሉት። ቀበሌ በ1967ቱ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ሲመጣ የነዋሪዎች ማህበር ተብሎ ነበር። ማህበር! ክፉም ደግም አይተውበታል፣ ማህተም ሲጠብቁ ግን አርጅተዋል። እድራቸው የክረምት መልዕክት አስተላልፎ አያውቅም። ሰው ሲሞት ጡሩምባ ይነፋል፣ ድንኳኑ በዝናብም ቢሆን በሰዓቱ ይቆማል።

ይቅርታ፣ ወደ ምስጋናዬ።

መልዕክቱ ቅዳሜ ወጣ። ያማረ ነው። የዝናቡን ድምፅ አጥፍተው ክራር ገብቶበታል። እኒያ እናት በትልቁ ወጥተዋል፤ ዓይናቸው ተከድኗል፣ አገጫቸው ምርኩዙ ላይ ነው። ከሥሩ «ነዋሪዎች በውይይቱ በንቃት ተሳትፈዋል» ይላል። እኔ ከምሰሶው ጀርባ አልታይም። ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ግን የቀኝ ክርኔ ብቅ ትላለች። ማረጋገጫውን እስካሁን አላገኘሁም። ባንኩ እንደገና ከጠየቀኝ እሷን ላሳያቸው ነው።