ቱብካልን በሁለት ቀን የምትሸጡ ሰዎች፣ ኧረ በፈጠራችሁ!

ሞሮኮ፣ ማራኬሽ ከተማ፣ ጀማ አል ፍና አደባባይ ዙሪያ ብትዞሩ ይሄን ማስታወቂያ አታጡትም። «ቱብካል፣ የሰሜን አፍሪካ ትልቁ ተራራ፣ 4,167 ሜትር። በረዶ ላይ ጉዞ። ሁለት ቀን፣ አንድ ሌሊት። ልምድ አያስፈልግም።»

ይቺ «ልምድ አያስፈልግም» የምትለው ነገር ናት ደሜን የምታፈላው።

እስቲ ሒሳቡን አብረን እንየው። ማራኬሽ ከባሕር ጠለል በላይ 500 ሜትር አይሞላም። ጠዋት መኪና ውስጥ ይከቱህና አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ተጉዘህ ኢምሊል የምትባል መንደር ትደርሳለህ፤ 1,740 ሜትር። እዚያው ቀን በእግር ሽቅብ ይወስዱህና 3,207 ሜትር ላይ ያለው የተራራ ማደሪያ ታድራለህ። ንጋት ሳይሆን ቀስቅሰው ወደ ጫፉ ያወጡሃል። ከዚያ በዚያው ቀን ቁልቁል እስከ ኢምሊል፣ ራት ማራኬሽ። የከፍታ ሕመምን የሚያጠኑ ሐኪሞች ደግሞ ምን ይላሉ? ከ3,000 ሜትር በላይ የምታድርበትን ቦታ በቀን ከ500 ሜትር በላይ አትጨምር። እዚህ በአንድ ቀን የማደሪያህ ከፍታ በ2,700 ሜትር ይጨምራል! ጫፉ ላይ በአንድ ትንፋሽ የምታገኘው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ከምታገኘው 60 በመቶ ቢሆን ነው። ይሄ የጉልበት ጉዳይ አይደለም። ጂም የሚውል ጎረምሳም ራሱን ይዞ ያስመልሰዋል። ሰውነት የሚፈልገው ጊዜ ነው፤ እነሱ የሚነፍጉህም ጊዜን ነው።

እኛ ጉዞውን የሸጠልንን ወኪል ስንጠይቅ የተሰጠን መልስ ደግሞ የባሰ ነው። «ኢትዮጵያውያን አይደላችሁ እንዴ? ለእናንተ ይሄ ምን አላት!» አሉን። ወንድሜ፣ የምንኖረው ሮተርዳም ነው። ከባሕር በታች! ደብረ ብርሃን ተወልዶ ቢያድግም፣ ዓመታት ቆላ የከረመ ሰው ሰውነቱ የለመደውን ከፍታ አብዛኛውን ይረሳዋል። አገር ቤት እንኳ ራስ ደጀንን በእግር የሚወጣ ሰው ሳንቃበር ያድራል፣ ግጭ ያድራል፣ ጨነቅ ያድራል። ተራራ ለማንም ዜግነት አያዳላም።

ከዕቃው ነገር ደግሞ አላለፍኩም። ክራምፖን፣ ማለትም በረዶ እንዲነክስ ከጫማ ሥር የሚታሰረው የብረት ጥርስ፣ «ከዋጋው ጋር ተካቷል» ተብለናል። እውነት ነው፣ ተካቷል። ማደሪያው ደጃፍ ላይ ከተከመረ ክምር ውስጥ በባትሪ ብርሃን፣ በጨለማ፣ በደነዘዘ ጣት እየመረጥክ። አንዱ ግራ፣ ሌላውም ግራ። ማሰሪያው ጫፉ ተበልቷል። ለጓደኛዬ የደረሳት ከጫማዋ በሁለት ጣት ይረዝማል፤ ጫማዋ ደግሞ ሲረግጡት የሚታጠፍ ለስላሳ የእግር ጉዞ ጫማ ነው። በዚህ ላይ የታሰረ ብረት ዳገት ላይ ወልቆ አይቀርም? ወለቀ። የወለቀውም በረዶው በብርድ ጠንክሮ እንደ መስታወት ባንጸባረቀበት ተዳፋት ላይ ነው። ጋይዱ ዘሎ ክንዷን ባይዛት ኖሮ ዛሬ ይሄን የምጽፈው በሌላ ስሜት ነበር። በማግስቱ የሚለበስ ብረት ማታ በብርሃን ቢለካ ምን ይጎድላል? ግማሽ ሰዓት ነው እኮ!

ስለ ጋይዱ ክፉ እንዳይመስላችሁ። የዚያው ተራራ ልጅ ነው፣ በሙያው የተማረ፣ ዓይኑ ከእያንዳንዳችን ላይ የማይነቀል። እ.ኤ.አ. በ2018 ታኅሣሥ ኢምሊል አቅራቢያ ሁለት የስካንዲኔቪያ ወጣት ሴቶች ከተገደሉ ወዲህ ያለ ጋይድ ቱብካል መውጣት አይቻልም፤ መንገድ ላይም ፓስፖርት ያያሉ። ደንቡ ትክክል ነው። ግን ወኪሉ ደንቡን ለማሟላት ብቻ አንድ ሰው መድቦ፣ ሯጩንም ደረጃ መውጣት የሚያደክመውንም አንድ ላይ ያሰልፋል። ጓደኛዬ ከኮርቻው፣ ማለትም በሁለት ጫፎች መካከል ካለው ዝቅ ያለ ቦታ፣ በታች ራሷን ይዛ ቁጭ ስትል ጋይዱ ምን ያድርግ? እሷን ይዞ ቢወርድ የቀረነው በረዶ ላይ ያለ ሰው ልንቀር ነው። እኛን ይዞ ቢወጣ እሷ ታማለች። ሌላ ቡድን ይዞ የሚወርድ ባልደረባው ደርሶ ባይረከባት ኖሮ መፍትሔ አልነበረም። ሁለተኛ ጋይድ ማለት ለዚህ ነው።

ባለ በቅሎውም አሉ፣ አባቴን የሚያክሉ ሰው። በረዶው ሲጀምር በቅሎዎቹ ይቆማሉ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሻንጣ በሰው ጀርባ ነው የሚሄደው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 የመታው መጠኑ 6.8 የደረሰ ርዕደ መሬት የዚያን ተራራ መንደሮች አፍርሷል። ሥራ የግድ ያስፈልጋቸዋል። «ሁለት ቀን አይበቃም» ብሎ ከከተማው ወኪል ጋር የሚከራከር ከየት ይመጣል?

መድኃኒቱ ደግሞ ቀላል ነው። ኢምሊል አንድ ሌሊት፣ ማደሪያው ሁለት ሌሊት። ከዋጋው ላይ ጥቂት ይጨመር፣ ደስ ብሎን እንከፍላለን። ለመንደሩም የሚገባው ገንዘብ ይጨምራል። የምትሄዱ ካላችሁ ገንዘብ ሳትከፍሉ በፊት ስንት ሌሊት ነው፣ ለስንት ሰው ስንት ጋይድ ነው፣ ክራምፖኑ መቼ ይለካል ብላችሁ ጠይቁ። የሚያድበሰብስ ከሆነ ጥላችሁት ውጡ።

እኛ ከተመለስን በኋላ ከወኪሉ መልእክት ደረሰን። ጓደኛዬ እንዴት እንደሆነች አንድ ቃል አልጠየቁም። ጫፉን ላልደረሰ ሰው ተመላሽ ገንዘብ እንደሌለ አስታውሰው፣ አምስት ኮከብ እንድንሰጣቸው ለመኑን። ኮከቡንስ ለጋይዱ ሰጠሁ፣ በስሙ፣ በረጅሙ። ለእነሱ የጻፍኩት ይሄንኑ ነው፤ እስካሁን መልስ የለም።