ውዳሴ ለሌሊቱ ሐኪሞች

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው ብሂል ዛሬ ሥራ ፈቷል። የዘመኑ ሰው ምኑን ይደብቃል! ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ብርድ ልብሱን ተከናንቦ፣ ለነፍስ አባቱ ያልነገረውን ሁሉ ለስልኩ ይናዘዛል። ስልኩም ፊቱን አያጠቁርም፤ ወረፋ ጠብቅ፣ የካርድ ክፈል አይልም (ካርዱንማ ቀድሞ በልቶታል)። ደግሞ ቸርነቱ! ለአንዲት ራስ ምታት ከውኃ ጥም እስከ አንጎል ዕጢ ያለውን ሁሉ ዘርግፎ «ምረጥ» ይላል። ታማሚውም ክብሩን የሚያውቅ ሰው ነውና ትንሹን በሽታ አይመርጥም።

ጎረቤቴን ልውሰድ። ሰሞኑን የግራ ዐይኑ ቆብ ይርገበገብበት ጀመር። ድሮ ቢሆን እናቱ «ዐይንህ የናፈቀህን ሰው ሊያይ ነው» ብለው ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። እሱ ግን የተማረ ነውና ጎግልን ጠየቀ። ገና ከላይ «ድካም፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ቡና ማብዛት» የሚል መጣለት። በአውራ ጣቱ ገፋ አድርጎ አለፈው። ለድካም ብሎ ማን ዳታ ያቃጥላል? ወደ ታች ወረደ፤ አሁንም ወረደ፤ በመጨረሻ ጡንቻን ቀስ በቀስ የሚያዝል አንድ የነርቭ በሽታ አገኘና እፎይ አለ። ሕመም እንዲህ ስም ሲኖረው ነው እንጂ!

ይህን ዕውቀት በእንግሊዝኛ ብቻ ማግኘታችን ግን ያሳዝነኛል። አንድ ቀን ጎኔን ቢወጋኝ «ውጋት ያዘኝ» የሚለውን ለስልኬ ተርጓሚ ሰጠሁት። በስለት የተወጋ ሰው ቁስሉን በጨርቅ አጥብቆ ይዞ አምቡላንስ እንዲጠራ መከረኝ። ምችንማ ጭራሽ አያውቃትም። ዓለምን ሁሉ አስሶ ዳማ ከሴ በር ላይ ሲደርስ የቆመ አዋቂ!

ደግነቱ ይህን ጉድለት የሚሞሉ ወገኖች አሉን። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አገራችን ውስጥ መገኘቱ በተነገረ ሰሞን፣ በየቴሌግራሙ ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚና ፌጦ የማያዝዝ ሰው ነበር? የዓለም ጤና ድርጅት ነጭ ሽንኩርት ኮሮናን ስለ መከላከሉ ማስረጃ የለም ቢል ማን ሰምቶት። ጉሊት ላይ ዋጋው ሰማይ ሲነካ፣ ቢያንስ የሽንኩርት ነጋዴዎች ጤና መሻሻሉን በዐይናችን አይተናል።

ወደ ጎረቤቴ ልመለስ። ምርመራውን በራሱ ከጨረሰ በኋላ፣ ለወጉ ያህል አንዲት ወጣት ሐኪም ዘንድ ሄደ። «ሕመሜን እንኳ አውቀዋለሁ፤ ኤምአርአይ ይዘዙልኝ ብዬ ነው» አላት። እሷ ግን ስድስት ዓመት ተምራ የምትጠይቀው አጥታ፣ «በቀን ስንት ሲኒ ቡና ይጠጣሉ?» አለችው።

«አስበው!» ይለኛል ቅዳሜ ዕለት እኛ ቤት ረከቦቱ አጠገብ ተቀምጦ፣ አቦሉን ጨርሶ ቶናውን እየተቀበለ። «ሰው ሊሞት ነው እያልኳት ስለ ቡና! ደግሞ በስንት ሰዓት ነው የሚተኙት ትለኛለች።»

«ምን አልካት?»

«እውነቱን ነዋ! ይህን ሁሉ እያነበብኩ በየት በኩል እተኛለሁ?»

ቤቱ ጸጥ አለ። እጣኑ ይጨሳል። ስለ ሰውየው ትጋት ራሴን ነቀነቅኩ። ሌላው በንግግሩ መካከል ያዛጋል፤ እሱ ግን ዐይኖቹ በርበሬ መስለውም ስልኩን አላስቀመጠም። አሁን ደግሞ አዲስ ነገር አግኝቷል፤ የማግኒዥየም እጥረት፣ አለዚያም ከአንገት የሚነሣ ነገር ሳይሆን አይቀርም። እስከ ሰኞ ይለይለታል።

ባለቤቴ ጀበናውን አነሣችና «በረካውን ልቅዳልህ?» አለችው።

ሲኒውን ዘረጋ። የግራ ዐይኑ ጠቀሰኝ።