«በእርስዎ ስም ነው የቀረበው»

ሰሞኑን በረገጥሁት ቢሮ ሁሉ የምትቀበለኝ አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች፦ «በእርስዎ ስም ነው የቀረበው»። ዕቃውን የፈተሸው የጉምሩክ ሠራተኛ እንዲህ አለኝ፤ የቅጣቱን ማስታወቂያ የሰጠችኝ ባለሙያም ይህንኑ ደገመችልኝ። ከሁሉ ያንገበገበኝ ግን ዲክላራሲዮኑን (ለጉምሩክ የሚቀርበውን የዕቃ መግለጫ) በገዛ እጁ የሞላው፣ ሞልቶም በገዛ እጁ የላከው፣ ዕቃዬን ከጉምሩክ የሚያስለቅቅልኝ የአስተላላፊ ድርጅት ሠራተኛ ዓይኔን እያየ ያንኑ ቃል መናገሩ ነው። ስሜ ይህን ያህል ተፈላጊ መሆኑን ከዚህ በፊት አላውቅም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የውኃ ፓምፕ ከውጭ እያስመጣሁ መሸጥ ከጀመርሁ ዓመታት ተቆጥረዋል። በዚህ ጊዜ ያዘዝሁት 40 ሴንትሪፉጋል ፓምፖችን ነበር። ፋብሪካው ቦታ ለመቆጠብ ሲል ሞተሮቹን በአንድ ወገን ሣጥኖች፣ የፓምፖቹን አካል በሌላ ሣጥኖች፣ መቀመጫ ብረቶቹንና ብሎኖቹን ደግሞ ለብቻቸው አሽጎ ላካቸው። በኢንቮይሱ ላይ ያሰፈረው መግለጫ ከአንድ መስመር አይበልጥም፦ «የፓምፕ ክፍሎች፣ 40 ስብስብ»። እኔ ፓምፖቹ ተፈትተው እንደሚመጡ የሚገልጽ ደብዳቤ ከ12 ገጽ ካታሎግ ጋር ለአስተላላፊዬ ቀደም ብዬ ልኬ ነበር፤ ካታሎጉን የከፈተው ግን አልነበረም። «ክፍሎች» የምትለዋን ቃል ያየው ሠራተኛ በቀጥታ የፓምፕ መለዋወጫ ወደሚመደብበት የታሪፍ ቁጥር፣ ወደ 8413.91 ሄደ። ሙሉ ሴንትሪፉጋል ፓምፕ የሚመደበው በ8413.70 ነው። የሁለቱ ቀረጥ እኩል አልነበረም፤ ሳይታወቀው የመረጠልኝም ዝቅተኛውን ነበር። ከውጭ ሆኖ ለሚያይ ሰው ይህ ስህተት ሳይሆን ብልጠት ይመስላል፤ ጭንቀቴም የጀመረው ከዚህ ነው።

እነዚህ ቁጥሮች የአንድ አገር ፈጠራ አይደሉም። የዓለም ጉምሩክ ድርጅት ከሚያስተዳድረውና እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 1988 ጀምሮ በሥራ ላይ ካለው የሃርሞናይዝድ ሲስተም የተወሰዱ ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ስድስት አኃዞች ሥርዓቱን በተቀበለ አገር ሁሉ አንድ ዓይነት ሲሆኑ፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን እያንዳንዱ አገር እንደ ፍላጎቱ ይቀጥለዋል። ሥርዓቱ የራሱ የአተረጓጎም ደንቦችም አሉት፤ ከእነዚህ በሁለተኛው መሠረት ተፈትቶ ወይም ሳይገጣጠም የቀረበ ዕቃ የሚመደበው ልክ እንደ ተገጣጠመው ዕቃ ነው። ይህን ደንብ ማወቅ የማን ሥራ ነው? እኔ ፓምፕ ሻጭ ነኝ፤ ደንቡን ያውቅልኛል ብዬ በየጭነቱ የምከፍለው ሰው አለኝ።

ደንቡን ያስተማረኝ ግን ፈታሹ ነው። ሣጥኖቹን አስከፍቶ ከአንዱ ሞተር፣ ከሌላው የፓምፕ አካል አስወጣና ሲሚንቶው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጣቸው። ከዚያ አራት ብሎኖች አንሥቶ በየቀዳዳቸው ትይዩ ደረደራቸው። ቀና ብሎ «እነዚህ ሲገጠሙ ምን ይሆናሉ?» አለኝ። «ፓምፕ» አልሁ፤ ሌላ ምን እላለሁ? «እንግዲያው ያስመጡት ፓምፕ ነው። የተጻፈው መለዋወጫ ነው። በእርስዎ ስም ነው የቀረበው» አለና እጁን በጨርቅ ጠረገ። በእሱ ላይ ቅሬታ የለኝም። እንዲያውም በዚህ ሁሉ ሰንሰለት ውስጥ ዕቃውን በዓይኑ አይቶ፣ በእጁ ዳስሶ የተናገረ ሰው እሱ ብቻ ነው።

ወደ አስተላላፊው ቢሮ የሄድሁት ደሜ ፈልቶ ነበር። «ጋሼ፣ ይረጋጉ» አለኝ ልጁ ወንበር እየሳበልኝ፤ «እኛ የሞላነው ኢንቮይሱ ላይ ያለውን ነው።»

«ካታሎጉስ?»

«ካታሎግ እኮ ደጋፊ ሰነድ ነው።»

«ከተጠራጠራችሁ ታዲያ ለምን አልጠየቃችሁኝም?»

«አልተጠራጠርንማ!»

ለዚህ መልስ ማፍረሻ ስፈልግ ስንት ሌሊት እንዳደርሁ አልነግራችሁም። ልጁ ቀጠለና ከመደርደሪያው ክላሰር አውርዶ ከሦስት ዓመት በፊት የፈረምሁትን የውክልና ውል ገለጠልኝ። ተራ ቁጥር 7 ላይ፣ አስመጪው ባቀረበው መረጃና ሰነድ ምክንያት ለሚመጣ ተጨማሪ ቀረጥ፣ ቅጣትም ሆነ ኪሳራ አስተላላፊው ተጠያቂ እንደማይሆን ተጽፏል። ከሥሩ ፊርማዬ አለ፤ በሰማያዊ ቀለም፣ ጭራው ረዘም ያለ፣ የቸኮለ ሰው ፊርማ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ሲባል ስሰማ ኖሬአለሁ፤ እንደማያስጥል አስቀድሞ በጽሑፍ የሚያስፈርም ባል ግን ያየሁት ያን ቀን ነው።

ቤቴ ገብቼ ሕጉን ፍለጋ ጀመርሁ። እ.ኤ.አ. በ1999 ተሻሽሎ በ2006 በሥራ ላይ የዋለው፣ የጉምሩክ ሥነ ሥርዓቶችን ለማቅለልና ለማጣጣም የተደረገው የኪዮቶ ስምምነት፣ ዲክላራሲዮን አቅራቢው ለሰጠው ዝርዝር ትክክለኛነትም ሆነ ለቀረጡና ለታክሱ መከፈል በጉምሩክ ፊት ኃላፊ ነው ይላል። ሰው ጉዳዩን ራሱ ወይም በሦስተኛ ወገን በኩል ማስፈጸም እንደሚችልም ይፈቅዳል። ስለዚህ ወሳኙ ጥያቄ ወኪሉ የሚያቀርበው በማን ስም ነው የሚለው ይሆናል። የአውሮፓ ኅብረት የጉምሩክ ሕግ ይህን ፍንትው አድርጎ ያስቀምጠዋል፦ ወኪሉ በአስመጪው ስም ሲያቀርብ ውክልናው ቀጥተኛ ነው፣ አቅራቢውም አስመጪው ነው፤ ለአስመጪው ጥቅም ነገር ግን በራሱ ስም ሲያቀርብ ውክልናው ቀጥተኛ ያልሆነ ይባላል፣ ያን ጊዜም ወኪሉና አስመጪው ሁለቱም የቀረጡ ባለዕዳዎች ይሆናሉ። የእኔ ውል የትኛውን ዓይነት እንደሚመስል ለመገመት ተራ ቁጥር 7ን ማንበብ ብቻ ይበቃል።

ሕጉ እንዲህ የሆነበት ምክንያት አይጠፋኝም። መንግሥት ለአንድ ኮንቴይነር ቀረጥ ሻጩን፣ መርከቡን፣ ወኪሉንና ጸሐፊውን ሁሉ ሲያሳድድ ሊውል አይችልም፤ አንድ ሰው መያዝ አለበት፤ ዕቃው የሚገባለትን ሰው ቢይዝ አይፈረድበትም። የእኔ ብሶት ኃላፊነቱ በእኔ ላይ ሲከመር ማየቱና መወሰኑ በሌሎች እጅ መቅረቱ ነው። ኢንቮይሱን የሚጽፈው ሻጩ ነው፤ የታሪፍ ቁጥሩን የሚመርጠው አስተላላፊው (ትራንዚተሩ) ነው፤ ወደ ሥርዓቱ የሚያስገባውም በእሱ የይለፍ ቃል ነው። እኔ ዲክላራሲዮኑን የማየው አልቆ፣ ገብቶ፣ የክፍያ ቁጥር ተሰጥቶት ነው። ዕቃው በሰላም ሲወጣ «አወጣንልዎ» ይላሉ፤ ሲያዝ «በእርስዎ ስም ነው»።

ሻጩንም አልማርሁትም፤ ጻፍሁለት። በሁለት መስመር በትሕትና መለሰልኝ፦ የላኩት ክፍሎችን ስለሆነ ክፍሎች ብለው እንደ ጻፉ፣ ለወደፊቱም መልካም ገበያ እንደሚመኙልኝ።

እዚህ ላይ «ለምን በዲ.ዲ.ፒ. አልገዛህም?» የሚለኝ አይጠፋም። ሞክሬዋለሁ! የዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. ከ1936 ጀምሮ የሚያወጣው ኢንኮተርምስ በ2020 እትሙ 11 የሽያጭ ቃሎች አሉት፤ ከ11ዱ ዕቃውን በመድረሻው አገር ከጉምሩክ ማስለቀቅን ከነቀረጡ በሻጩ ጫንቃ ላይ የሚጥለው ዲ.ዲ.ፒ. ብቻ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ሻጭ «ሁሉም በእኛ ነው፣ በርዎ ድረስ እናደርስልዎታለን» ብሎኝ ደስ ብሎኝ ገዛሁ። ዕቃው ሲደርስ ሻጩ በመድረሻው አገር በአስመጪነት አልተመዘገበም፤ ያልተመዘገበ ሰው ዲክላራሲዮን ማቅረብ አይችልም። ስለዚህ የእሱ ወኪል የእኔን የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ለመነኝ፤ እኔም ዕቃዬ እንዳይታገት ሰጠሁ። ያ ዲክላራሲዮን በማን ስም እንደ ቀረበ መንገር የሚያስፈልገኝ አይመስለኝም። ኢንኮተርምስ ሻጭና ገዥ እርስ በርስ የሚተሳሰሩበት ውል ነው፤ ጉምሩክ በዚያ ውል ላይ አልፈረመም። ሻጩ የገባውን ቃል ባይጠብቅ ልከሰው እችላለሁ፤ ቀረጡን ግን መጀመሪያ የምከፍለው እኔ ነኝ።

ወደ ፓምፖቹ ልመለስ። ይህ ሁሉ ክርክር ሲካሄድ ኮንቴይነሩ ቆሟል፤ ቆጣሪው ግን አልቆመም። ወደቡ የማከማቻ ኪራይ ይቆጥራል፤ የመርከብ ድርጅቱ ነፃዎቹ ቀናት ካለቁ ወዲህ ላለው ለእያንዳንዱ ቀን ዲመሬጅ (የኮንቴይነር መዘግየት ክፍያ) ይቆጥራል፤ ፓምፕ የሚጠብቀው ደንበኛዬም ቀን ይቆጥራል። የመጨረሻው ውሳኔ እስኪሰጥ ማስያዣ አቅርቦ ዕቃን ማስለቀቅ የሚባል ነገር አለ፤ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 22 ቀን 2017 በሥራ ላይ የዋለው የዓለም ንግድ ድርጅት የንግድ ማሳለጥ ስምምነት አገሮች ይህን እንዲፈቅዱ ይጠይቃል። አስተላላፊዬን ጠየቅሁት፤ «እሱን ሠርተንበት አናውቅም፣ ከመጀመር ቢከፍሉ ይሻልዎታል» አለኝ። ምክሩ ከልብ ነበር፤ ኪሱ የእኔ ስለሆነ።

በዚያው ስምምነት ውስጥ ሌላም ነገር አገኘሁ። የጉምሩክ ቅጣት መጣል ያለበት ለጥፋቱ ኃላፊ በሆነው ሰው ላይ ብቻ ነው፤ መጠኑም ከነገሩ ሁኔታና ከጥፋቱ ክብደት ጋር ሊመጣጠን ይገባል ይላል። ከመቀመጫዬ ተነሣሁ። አገኘሁት ብዬ ደግሜ ሳነብብ «በአገሩ ሕግ መሠረት» የምትል ሐረግ መካከል ላይ ተቀምጣለች። የአገር ሕግ ኃላፊው አቅራቢው ነው ይላል፤ አቅራቢው ማን እንደሆነ ወረቀቱ ይናገራል፤ ወረቀቱ ላይ ያለው ስም የታወቀ ነው። ዞሬ ዞሬ ሲሚንቶው ላይ ወደተደረደሩት አራት ብሎኖች ተመለስሁ። ያም ሆኖ ስህተቱ ሆን ተብሎ እንዳልተፈጸመ፣ ደብዳቤውና ካታሎጉም ከጭነቱ በፊት እንደተላኩ ገልጬ የቅጣት ማቅለያ አቤቱታ አስገብቻለሁ፤ መልሱን እየጠበቅሁ ነው።

ራሴን ነፃ ላወጣ አልፈልግም። የታሪፍ ምደባ የሚያጠራጥር ሲሆን ዕቃው ከመምጣቱ በፊት ጉምሩክን በጽሑፍ ጠይቆ የቅድሚያ ውሳኔ ማግኘት ይቻላል፤ ያው የንግድ ማሳለጥ ስምምነት ይህን ግዴታ በአገሮች ላይ ጥሏል። ዲክላራሲዮን ከማስገባት በፊትም ዕቃውን አይቶና ናሙና ወስዶ ማረጋገጥ እንዲፈቀድ የኪዮቶው ስምምነት ይደነግጋል። እነዚህን ዓመታት ሁሉ ሳስመጣ አንዱንም ተጠቅሜበት አላውቅም። «ትራንዚተሬ ያውቃል» ማለት ይቀል ነበር፤ ከሥራ ጓደኞቼ ጋር ስንገናኝ የማን ትራንዚተር ይበልጥ እንደሚፈጥን እስከ መፎካከር ደርሰን ነበር። የእኔ በእርግጥ ፈጣን ነው፤ ካታሎግ የማይከፍት ሰው እንዴት አይፈጥን! ለአንዲት ደብዳቤ የነፈግሁትን ጊዜ ወደ 19 ቀን ሩጫ ቀይሬ ከፈልሁት።

ዕቃው በመጨረሻ ወጣ። ከዕቃው ጋር የአስተላላፊው የክፍያ ደረሰኝ መጣልኝ። የመጀመሪያው መስመር የተለመደው የአገልግሎት ክፍያ ነው፣ ሙሉውን። ሁለተኛው መስመር፣ በእግዜር፣ «የማስተካከያ ዲክላራሲዮን ዝግጅት» ይላል። ማለትም እነሱ ያበላሹትን እነሱ ለማረማቸው እኔ ለሁለተኛ ጊዜ እከፍላለሁ። ደውዬ ጠየቅሁ። «ጋሼ፣ ማስተካከያው የቀረበው በእርስዎ ስም ስለሆነ ነው» አለኝ።

አስተላላፊ መቀየር አሰብሁ፤ የሦስት ድርጅቶችን ውል አስመጥቼ አነበብሁ። ቁጥሩ አንዱ ጋ 5፣ ሌላው ጋ 9 ነው እንጂ ያቺ አንቀጽ በሦስቱም አለች። ስለዚህ ከቀድሞው ጋር ተቀምጠን ተነጋገርንና አንድ ነገር በጽሑፍ አስገባሁ፦ ማንኛውም ዲክላራሲዮን ወደ ጉምሩክ ከመላኩ በፊት ረቂቁ ለእኔ ይደርሰኛል፤ የታሪፍ ቁጥሩን፣ መግለጫውንና ዋጋውን አይቼ «ይቅረብ» ብዬ ካልጻፍሁ አይቀርብም። ልጁ በደስታ ፈረመ፤ እኔም በዚህ ጊዜ እያንዳንዱን መስመር አንብቤ ፈረምሁ።

ቀጣዩ ጭነት በዚህ ሳምንት ደረሰ። ትናንት ማታ ከእሱ መልእክት ገባልኝ፦ «ጋሼ፣ ሰነዱ ደርሶናል። እንዳይጉላሉ ብለን ሞልተን አስገብተነዋል። ረቂቁን ሲመችዎ ጎራ ብለው ይፈርሙልን።»