ብርዱ ይመስገን

ሰሞኑን ክረምቱ ጠበቅ ብሏልና ደብረ ማርቆስ ላይ የሚታመም ጉልበት ሁሉ ምክንያቱ ታውቋል። ብርድ ነው። ምርመራ ምን ያደርጋል? ጎረቤት ያውቀዋል፣ የባጃጅ ሾፌር ያውቀዋል፣ መድኃኒት ቤት የተሰለፈው ሁሉ ያውቀዋል። «ብርድ መትቶኝ ነው፣ ዲክሎ ስጠኝ» ይላል፤ የሕመም ማስታገሻው ይሰጠዋል።

የጎጃም ብርድ አዋቂነቱ ግን ይደነቅ! ከጮቄ ተራራ ይነሣል። መንገድ ላይ የተራቆተ ጆሮ ያገኛል፤ ያልፈዋል። አፍንጫም ያገኛል፤ አይነካውም። የእረኛውን ባዶ ባት አይቶ እንዳላየ ይሆናል። ብሎ ብሎ ጋቢ ከካፖርት፣ ሱሪ በሱሪ የደረበው ባለቦርጭ ጌታ ዘንድ ይደርሳል። ጋቢውን ይገልጣል፣ ካፖርቱን ያልፋል፣ ሁለቱን ሱሪ ይሰነጥቃል። ግራ ጉልበቱን ይምርና ቀኙን ይመታል። ለምን ቀኙን? ጌታው በ20 ዓመታቸው ኳስ ሲጫወቱ የተጠመዘዘው፣ አብጦ ሳለ ታሽቶ በሳምንቱ ሜዳ የገባው እሱ ነዋ! ብርዱ የሰውን ታሪክ አጥንቶ ነው የሚመጣው።

ሚዛንም ይዟል። በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበት ላይ የሚያርፈው ጫና የሰውነት ክብደት ሦስት እጥፍ ገደማ መሆኑን፣ 1 ኪሎ ሲቀነስ ጉልበት በየእርምጃው 4 ኪሎ ያህል እንደሚቀለው ያውቃል። እኛ ደግሞ ጌታው 10 ኪሎ ሲጨምሩ «ተመችቶዎታል፣ አማረብዎት» ብለን እናግዘዋለን። ሁለት መቶ እርምጃ ለማይሞላ መንገድም ባጃጅ ይጠራላቸዋል። ካርቲሌጅ የሚባለው የአጥንት ጫፍ ልስልስ ሽፋን የደም ሥር የለውም፤ ምግቡን የሚያገኘው ጉልበት ሲረገጥና ሲለቀቅ ከመገጣጠሚያው ፈሳሽ ነው። ባጃጅ ውስጥ ግን ጾም ነው።

ዲክሎውማ ሕመሙን ያስታግሳል እንጂ የተበላውን ካርቲሌጅ አይመልስም። ከሐኪም ሳይማከሩ ወር ከወር ሲውጡት ጨጓራ ያቆስላል፣ ኩላሊት ይጎዳል፣ ግፊት ይጨምራል።

ደግሞ 25 ሊትር ጀሪካን በጀርባዋ አዝላ ዳገት የምትወጣዋ ልጅ አለች፤ ወንድሟ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ከፊት ከፊት ይሄዳል። ዕድሜዋን ሙሉ ተሸክማ ጉልበቷ ሲከዳት ለእሷም «ብርድ ነው» ይባላል። አይደለም! ሸክም ነው። አህያ ደጅ ታስሮ፣ ጎረምሳ ቁጭ ብሎ፣ የሴት ልጅን መገጣጠሚያ እያስፈጩ በአየሩ ማሳበብ ነውር ነው።

ብርዱን ለማስቀየም የሚደፍር ካለ መንገዱ አይከብድም። የተጠመዘዘ ጉልበት በሰዓታት ውስጥ ካበጠ፣ ከተቆለፈ ወይም ከከዳ አይታሽም፤ ሐኪም ያየዋል፤ ጭኑ ሳይጠነክርም ሜዳ አይገባም። በሳምንት 5 ቀን ለ30 ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድ ነው። የጭን ጡንቻ ሲሰልል ጫናው መገጣጠሚያው ላይ ይወድቃልና በሳምንት 2 ወይም 3 ቀን ከወንበር ተነሥቶ መቀመጥ፦ እጅ ደረት ላይ ተጣጥፎ፣ ጉልበት ወደ ውስጥ ሳይታጠፍ፣ 10 ጊዜ፣ እያረፉ 3 ዙር። በርጩማ ለጀማሪ ዝቅ ይላል፤ ከፍ ያለ ወንበር ይሻላል። ሲቀመጡም ቀስ ነው። ጌታው፣ ዱብ ያሉበት አይቆጠርም፤ እንደገና ከአንድ ይጀምሩ።