ቁልፉን የሰጠው ማን ነው?

ሰሞኑን የወጣት አሽከርካሪዎች እሽቅድምድም በተነሣበት ውይይት ላይ አንድ የከተማችን ኃላፊ ወጣቱ በአስፋልት ላይ የሚበረው መዝናኛ ስላጣ እንደሆነ፣ ቦታ ቢዘጋጅለት መንገዱን እንደሚለቅ ተናገሩ። አዳራሹም አጨበጨበ። እኔን ከንግግሩ ይልቅ ያንገበገበኝ ጭብጨባው ነው።

ለመሆኑ በጎንደር መጫወቻ ያጣው ልጅ የትኛው ነው? ሜዳ አጥቶ በኮብልስቶን ላይ የጨርቅ ኳስ የሚያሳድደው፣ ከትምህርት ቤት በእግሩ የሚመለሰው ነው። እርሱ መኪና የለውም፤ መኪናው የሚመጣው በእርሱ ላይ ነው። የአንዱን ልጅ ችግር ወስዶ በዚያው ልጅ ላይ ለሚነዳው ማመካኛ ማድረግ ርኅራኄ አይደለም፣ ግፍ ነው።

በሰርግ ሰሞን ከማራኪ ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ዳር ቆሞ ማየት ይበቃል። ሙሽሮቹ በወጉ ይሄዳሉ። አጃቢዎቹ ግን ክላክስ እየነፉ፣ ግራ ቀኝ እየተጥመለመሉ ይቀዳደማሉ። አንዱ ግማሽ አካሉን በመስኮት አውጥቶ በስልኩ ይቀርጻል። ባጃጁ ወደ ቦዩ ይሸሻል፣ የጋሪው ፈረስ ይደነብራል፣ ከገበያ የምትመለስ እናት ዘንቢሏን ጥላ ልጇን ትስባለች። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 22 ሜትር ይጓዛል። አሽከርካሪው ሰው አይቶ እግሩን ወደ ፍሬን እስኪያዛውር እንኳን ያቺ ሰከንድ አልፋለች፤ እርሱ ደግሞ ስልክ እያየ ነው። ይህን እያየ ዳር ቆሞ እልል የሚለው ማን ነው? ጎልማሳው ነው።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ያ መኪና የልጁ አይደለም። የሃያ ዓመት ልጅ በዛሬ የመኪና ዋጋ ከየት አምጥቶ ይገዛል? ሊብሬው ላይ የሰፈረው ስም የአባት፣ የአጎት ወይም የአከራይ ነው። ቁልፉን አንድ አዋቂ ሰው በእጁ አንሥቶ ሰጥቶታል፤ ልጁ እንዴት እንደሚነዳም ጎረቤቱ ሳይቀር ያውቃል። የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 543 ግልጽ ደንብን ሆን ብሎ ጥሶ በቸልተኝነት ሰው የገደለን ከ5 እስከ 15 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። ይቅጣ፤ ሃያ ዓመት የሞላው ሰው ሕፃን አይደለም። ግን ልጁ ወህኒ ሲወርድ ቁልፍ የሰጠው ሰው የት ነው? የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 ባለ መኪናውን ለጉዳቱ ኃላፊ ያደርገዋል ይባል ይሆናል። ካሳውን ኢንሹራንስ ከከፈለለት ምኑ ተነካ? ከኪሱ የሚወጣው ለሽማግሌዎቹ መጓጓዣ ብቻ ነው። ያው አባት ነጠላውን አጣፍቶ፣ የተከበሩ ሰዎችን አስከትሎ ሐዘንተኛው ደጃፍ ይቆማል። «የእግዚአብሔር ቁጣ ነው» ይባላል። ሐዘንተኛው ሽማግሌ መመለስ ነውር ነውና አንገቱን ይደፋል፤ ምስክር የነበረውም ጎረቤት ያየውን መጠራጠር ይጀምራል። ዕርቅን የማከብር ሰው ነኝ። ዕርቅ ለዚህ አልተሠራም። እግዚአብሔር በዚያ መንገድ ላይ መሪ አልያዘም!

ወጣቱ ሁሉ እንዲህ አይደለም፤ አብዛኛው እንዲያውም ተሳፋሪ ነው። ለዚህ ነው የወጣቶች ችግር የሚለው ስያሜ የሚያናድደኝ። ይህ ባለ መኪና የሆኑ ጎልማሶች ችግር ነው፤ እነርሱም አዳራሹ ውስጥ ተቀምጠው ሲያጨበጭቡ ነበር።

ትራፊክ ፖሊሱ ያለቦታው ለቆመ መኪና ታርጋ ይፈታል። በሰው መሐል እየተጥመለመለ የሚበር አጀብ ሲያልፍ ግን «ደስታ ነው» ብሎ ፊቱን ያዞራል። ታርጋው እዚያው ይፈታ። መኪናው፣ የማንም ይሁን የማን፣ ስድስት ወር ይታሰር። አከራይ ከሆነ ፈቃዱ ይታገድ። ልጄን አስቸገረኝ የሚለው አባት ስድስት ወር በባጃጅ ተሳፍሮ ሥራ ይሂድ፤ ከዚያ በኋላ ቁልፉን የት እንደሚያስቀምጥ ማንም ሊነግረው አያስፈልግም።