ምርጫው ሦስተኛ ዓመቱን ያዘ

ደሴ ውስጥ ሲ የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋና ዩኒክስ የሚባለውን የኮምፒውተር ሥርዓት እማራለሁ ብሎ የተነሳ ሰው ወዲያው ኮድ ሲጽፍ ካያችሁት ምከሩት። ችኩል ነው። ጨዋ ሰው መጀመሪያ መጽሐፍ ይመርጣል።

እኛ ሰፈር እንዲህ ያለ ጨዋ አለን። ፒያሳ አንድ ካፌ ጥግ ይዞ መምረጥ ከጀመረ ሦስተኛ ዓመቱ ነው። ፍላሹ 47 ፒዲኤፍ ተሸክሟል። አንዱንም ሳያነብ ሁሉንም ይተቻል። ይሄ መቼም መታደል ነው።

ከርኒግሃንና ሪቺ የጻፉትን የሲ መጽሐፍ ጠቆምኩት። ሪቺ እኮ ሲን ራሱ የሠራው ሰው ነው። ሁለተኛው እትም በፈረንጅ 1988 ወጣ፤ 300 ገጽ አይሞላም። «ቀጭን ነው፤ አርጅቷልም» አለኝ። እሺ፣ ከሪስክ ስለ ዩኒክስ ዘመድ ስለ ሊኑክስ የጻፈው መጽሐፍስ? ከ1,500 ገጽ በላይ ነው። «ይሄን ለማንበብ ጊዜ የት አለኝ?» አለ፣ ሁለተኛ ማኪያቶ እያዘዘ። የስቲቨንስ የዩኒክስ መጽሐፍስ? «እሱ ሲ ለሚችል ነው።» እውነቱን ነው። ሲ ለመቻል ደግሞ መጽሐፉ ገና አልተመረጠም።

የሚወደው የለም እንዳትሉ። አንድ አለ፤ ሽፋኑ በጥቂት ቀን አዋቂ አደርግሃለሁ ይላል። ውስጡ ኮኒዮ ዶት ኤች የሚባል የኮድ ፋይል አለ፤ ከዊንዶውስ በፊት የነበረው የዶስ ዘመን ዕቃ፣ ዩኒክስ ላይ ብትፈልጉት የማይገኝ። ጌትስም አለ። ጌትስ ማለት ከኪቦርድ የሚጻፍለትን የሚቀበል የሲ ፈንክሽን ነው፤ ሲኒው ሞላ አልሞላ ሳያይ ቡና እንደሚቀዳ ሰው። ረከቦቱ ላይ ይፈሳል፣ ምንጣፉ ላይ ይፈሳል፣ እሱ ይቀዳል። በፈረንጅ 2011 ከሲ ቋንቋ መስፈርት አውጥተው ጣሉት። የኛ ሰው አንጀቱ ለተጣለ ይራራል።

እዚሁ ወሎ፣ ዳና ይማር የነበረው የድሮው ደረሳ ነው የሚያሳዝነኝ። አንድ ኪታብ ይዞ ሼሁ ፊት ይቀመጣል፤ ሳያኸትም አይነሳም። የዋድላው የቅኔ ተማሪም ያው ነው። ቁራሽ ለምኖ፣ ውሻ ተከላክሎ፣ ቅኔውን ይቆጥራል። ይበላሽበታል፣ ይታረማል፣ ደግሞ ይቆጥራል። ምን ያድርግ፣ ፍላሽ የለው!

ባለፈው ላፕቶፑን ከፈተና ትዕዛዝ የሚጻፍበት ጥቁሩ ተርሚናል ብቅ አለ። እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

«መመሪያው እዚያው ማሽኑ ውስጥ አለልህ። ማን ብለህ ጻፍ» አልኩት።

«ማንን?»

«ማንን አይደለም፣ ማን፤ መመሪያ አምጪው ትዕዛዝ። ማን 3 ፕሪንትኤፍ በል፤ ጽሑፍ የሚያወጣው የሲ ፈንክሽን መመሪያ ይመጣልሃል። ሦስቷን ከዘለልክ የትዕዛዝ ተቀባዩ የሼሉ ፕሪንትኤፍ ነው የሚመጣብህ።»

አሰብ አደረገ። ላፕቶፑን ቀስ ብሎ ከደነው።

«አብሽር» አለኝ። «መጀመሪያ ስለ ማን የተጻፈ ጥሩ መጽሐፍ ካለ ልይ።»