የባሕር ዳር ሰዎች፣ ፈቃዱን አንብቡት እንጂ!

የባሕር ዳር ሰው ሆይ፣ እስቲ ዛሬ እንወቃቀስ። ጥቅምት በመጣ ቁጥር ሐምራዊ አበባ ያወጣውን እምቦጭ ፎቶ እያነሣችሁ «ጣና እየሞተ ነው» ትላላችሁ። ዘመቻ ሲጠራም ቦቲ ጫማ አጥልቃችሁ ትወጣላችሁ፤ ይህን አልክድም። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል። የእናንተ እንባ ግን ሐምሌ ላይ የት ይገባል?

ሐምሌ ላይ የሚሆነውን እናውቀዋለን። ሌሊት ሰማዩ ማጉረምረም ሲጀምር አንዱ ጎረቤት ካፖርት ደርቦ፣ ባትሪ ይዞ ወደ ጓሮ ይወጣል። የሽንት ቤቱን ጉድጓድ ክዳን በዶማ ይፈነቅላል፤ ቱቦውን ይከትትና ጫፉን ወደ መንገዱ የጎርፍ ቦይ ይለቀዋል። ለፍሳሽ መኪና የሚከፍለውን ብር አተረፈ ማለት ነው። ሲነጋ ቦዩ ውስጥ ግራጫ አረፋ ተንሳፍፎ፣ ላስቲክና የጫት ገረባ ተጠቅልሎበት እናገኘዋለን። አፍንጫችንን ይዘን እናልፋለን። ማን እንደለቀቀው እያወቅን «እንደምን አደርክ» እንለዋለን።

የጎርፍ ቦይ ማጣሪያ የለውም። የገባበትን ይዞ ወይ ሐይቁ ወይ ዓባይ ውስጥ ይጥለዋል። ጣና ደግሞ ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሁን እንጂ እንደ ምጣድ የተዘረጋ ነው፤ ጥልቅ በሚባለው ቦታው እንኳ ከ15 ሜትር ብዙም አያልፍም። ከሽንት ቤት፣ ከሳሙናና ከማሳ ማዳበሪያ የሚመጣው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ለእምቦጭ ቀለቡ ነው። እምቦጩን በእጅ እየነቀሉ ቀለቡን በቦይ መላክ ምን የሚሉት ሥራ ነው? «እምቦጩ ያለው ደምቢያና ፎገራ ነው፣ እኛ ጋ ምን አለ» የምትሉም አላችሁ። ከእኛ ወደ ዓባይ የሚወርደውን የጢስ ዓባይ አካባቢ ገበሬ ከነከብቱ ይጠጣዋል። የእሱ ሆድ ከእኛ ምን ይለያል?

እሺ፣ የጓሮው ይቅርና ወደ ትልልቆቹ እንሂድ። ሐይቁ ዳር ሆቴል፣ ፋብሪካ፣ መዝናኛ የሚሠራ ሰው ዝም ብሎ አይሠራም። በአዋጅ ቁጥር 299/1995 መሠረት ግምገማ የሚያስፈልገው ሥራ የአካባቢ ተፅዕኖ ጥናት፣ ማለትም አካባቢውን እንዴት ሊጎዳ እንደሚችል የሚያሳይ ጥናት፣ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቅርቦ ይሁንታ ሳያገኝ አይጀመርም። ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤትም ይህን ይሁንታ ሳያይ መስጠት የለበትም። ይሁንታው ደግሞ ባዶ ወረቀት አይደለም፤ ግዴታ ይጻፍበታል። ፍሳሹን አጣርቶ እንዲለቅ፣ ከዳርቻው እንዲርቅ፣ ደንገሉን እንዳይነካ፣ ናሙና እያስመረመረ መዝገብ እንዲይዝ። ታዲያ ሪባኑ ከተቆረጠ በኋላ ያን ወረቀት የሚያስታውሰው ማነው? ማጣሪያ ገንብቶ መብራት እንዳይቆጥርበት አጥፍቶት የሚያድር አለ፤ ደንገሉን አጭዶ ወንበር የሚደረድርም አለ። እኛም እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጠን ዓሣ አዘን ስለ ሐይቁ እናዝናለን!

የይሁንታውን ግዴታ ያልፈጸመ ሰው በዚያው አዋጅ ከ10,000 እስከ 20,000 ብር ይቀጣል። ያለ ይሁንታ የጀመረ ወይም ጥናቱ ላይ የዋሸ ደግሞ ከ50,000 እስከ 100,000። በ1995 ዓ.ም. ይህ ብር ያስደነግጥ ነበር፤ ዛሬ 20,000 ብር ይዞ በሬ ተራ የገባ ሰው ይሳቅበታል። ስለዚህ በቅጣቱ ብቻ የሚፈራ የለም። የሚፈራው ጠያቂ ሲኖር ነው፤ ጠያቂው ደግሞ እናንተ ነበራችሁ።

ሕጉ እኮ ጥናቱ ለሕዝብ ክፍት ሆኖ አስተያየት እንዲሰጥበት ያዛል። ከእናንተ መካከል ሰፈሩ ውስጥ ስለሚሠራው ነገር ጥናቱን አሳዩኝ ብሎ የጠየቀ አለ? የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ ከዚህ አልፎ ሄዷል። ማንም ሰው፣ እኔ ተጎድቻለሁ ብሎ ማስረዳት ሳይጠበቅበት፣ አካባቢን በሚጎዳ ወይም ሊጎዳ በሚችል ላይ ለክልሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤት ማለት ይችላል። ተቆጣጣሪውም ያለ ማስጠንቀቂያ ግቢ ገብቶ ናሙና የመውሰድ ሥልጣን አለው። ይህን ሁሉ በር ከፍቶላችሁ ሳለ እናንተ በረንዳ ላይ «መንግሥት የት አለ» ትላላችሁ። መንግሥትም ነፃ አይወጣም፤ ፈቃድ ሰጥቶ የተኛ ባለሥልጣን ተጠያቂ ነው። ግን የተኛን ሰው የሚቀሰቅሰው አጠገቡ ያለ ነው።

ምክንያታችሁን አውቀዋለሁ። «የሰው እንጀራ አልዘጋም»፣ «ለስንት ልጅ ሥራ ፈጥሯል»፣ «በጋብቻ እንዛመዳለን»። ታንኳውን እየቀዘፈ፣ መረቡን እየጣለ የሚያድረው ዓሣ አጥማጅስ እንጀራ የለውም? ዘመድ ከሆናችሁማ ይበልጥ ይቀልላችኋል፤ ቡና ስትጠጡ ማጣሪያውን አብራው በሉት።

እምቢ ካለ ጻፉ። የቦዩን ቦታ፣ ያያችሁበትን ቀንና ሰዓት፣ የፈሰሰውን ነገር ቀለምና ሽታ ጻፉ፤ ስድብ አትጨምሩበት። የምታስገቡት ሁለት ኮፒ ይሁን። መዝገብ ቤት ቁጥርና ቀን ሳያስመቱ፣ የተቀበለው ሠራተኛ ሳይፈርምበት አትውጡ። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ካልወሰነ፣ ወይም ውሳኔው ካላረካችሁ፣ ከዚያ ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ትችላላችሁ፤ ዳኛው መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ያን ማኅተም ያለበትን ኮፒ ነው።